የተውሶ ቅርጽና የቅኝት ጥያቄ

በኪነ ጥበብ ውስጥ ቅርጽና ይዘት ስላላቸው ግንኙነት ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተከራክረናል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በመጻሕፍት መካከል ስለሚካሄድ ግን አንድ ተራ ጥያቄ ሲዘነጋ ይታያል። ይኸውም፦ ሌላው ያበጀውን ቅርጽ ተቀብሎ የሚሠራ ሰው የሚናገረው በራሱ አንደበት ነው ወይስ በሌላው? ይህን ጥያቄ እንደገና እንዳነሣ ያስገደደኝ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያቀናው ዳገት ላይ የሚኖር አንድ የጎረቤቴ ልጅ ነው።

ወጣቱ ጊታር ይጫወታል፤ የሚወደውም ኢንዲ ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ነው። ስያሜው «ነጻ» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቆርጦ የተወሰደ ሲሆን፣ መነሻውም በብሪታንያና በአሜሪካ ከታላላቅ የሸክላ ኩባንያዎች ውጭ ሥራቸውን ያሳትሙ የነበሩ ሙዚቀኞች ናቸው። ልጁ ዘፈኖቹን የሚያጠናበት ዘዴ ቀላል ነው። የግራ እጁን አመልካች ጣት በስድስቱ ክሮች ላይ አጋድሞ ሌሎቹን ሦስት ጣቶች ከፊቱ በተወሰነ አቀማመጥ ያሳርፋል፤ ሙዚቀኞች ኮርድ የሚሉት የድምፆች ስብስብ ይፈጠራል። ከዚያ በኋላ የጣቶቹን አቀማመጥ ሳይለውጥ እጁን በጊታሩ አንገት ላይ ያንሸራትታል። እያንዳንዱ እርከን ግማሽ ድምፅ ስለሆነ ያ አንድ ቅርጽ 12 ሜጀር ኮርዶችን ይሰጠዋል፤ መሐል ጣቱን ብቻ ቢያነሣ ደግሞ 12 ማይነር ኮርዶችን ያገኛል። በአንድ ቅርጽ የብዙ ዘፈኖች በር ተከፈተለት ማለት ነው።

ይህን አቋራጭ ነው ብሎ መናቅ ስሕተት ይሆናል። የወል ቤትን ልክ እኔ አልፈጠርኩትም፤ ከእኔ በፊት በአልቃሽና በአዝማሪ አፍ ኖሯል። ከቤታችን በላይ ያለውን ተራራ የሸፈነው ባሕር ዛፍም የአውስትራሊያ ተክል ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ባይስፋፋ ኖሮ ማገዶ ያጣችው አዲስ አበባ ቀርታ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። የተውሶ ነገር ሕይወት ያድናል። ሆኖም ያው ባሕር ዛፍ ከሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም አያበቅልም፤ እንግዳን ስንቀበል ይህንንም ማሰብ ይገባል።

የልጁ አያት ከዚያው ተራራ በጀርባቸው ጭራሮ እያወረዱ ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። አንድ ምሽት በአምባሰል ቅኝት አንጎራጎሩና እንዲያጅባቸው ጠየቁት። እሱም መነሻ ድምፃቸውን ፈልጎ ቅርጹን እዚያው አሳረፈ። አያቱ ሁለት ስንኝ ሳይሞሉ አቋረጡ። «ተው የኔ ልጅ፤ ይኼ እኔ የጀመርኩት አይደለም» አሉት።

እውነታቸውን ነው። አምባሰል አምስት ድምፆች አሉት፤ መነሻውን ዶ ብንለው ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶልና ላ ፍላት ናቸው። የመነሻውን ኮርድ ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘው ሚ ወይም ሚ ፍላት በመካከላቸው የለም። ትዝታና ባቲ ይህን ድምፅ ስለያዙ ቅርጹን ያስተናግዳሉ፤ አምባሰል ግን አያውቀውም። ልጁ ጣቱን አልሳተም፤ ቅርጹም በራሱ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ አያቱ ያልተናገሩትን ቃል በአፋቸው ውስጥ ጨመረባቸው።

የክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲሻገር ክሮቹን እንደገና ይቃኛል። በቋንቋችን መቃኘት ሁለት ነገር ነው፤ ክርን ማስማማትም፣ የሚገቡበትን አገር አስቀድሞ ማየትም። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢትዮ ጃዝን ሲያዋቅር የገጠመው ፈተና ይኸው ነበር፤ ባለአምስት ድምፁን ቅኝት በ12 ድምፆች ስምምነት ማጀብ፣ ቅኝቱም እንዳይጠፋ መጠበቅ።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በጻፍኩት ተውኔት አንዲት እንጨት ለቃሚ መድረክ ላይ አቁሜ ነበር። ያናገርኳት ከሌሎች ተውኔቶች የቀዳሁትን፣ በየትኛውም አገር ላለች ድኻ ሴት የሚስማማውን የምሬት ንግግር ነበር። ተመልካቹ አጨበጨበ። እኒህ ጎረቤቴም ከታዳሚዎቹ መካከል ነበሩ፤ ሲወጡ ስለ ተውኔቱ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ደኅና እደር ብለውኝ ሄዱ። ዝምታቸው የገባኝ የልጅ ልጃቸውን ጊታር ባስቆሙበት ምሽት ነው። አንድ ንግግር በየወረዳው ሳይለውጥ የሚያነብ ካድሬና ለአንዱ ክፍል ያዘጋጀውን ለሁሉም የሚደግም መምህርም ከእኔ የሚለዩ አይመስለኝም። ሁላችንም ቅርጹን እናንሸራትታለን፤ የደረስንበትን ስፍራ ግን አልቃኘነውም። ነጻነት የሚጎድለው ቅርጽ በመዋስ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ልጁ በማግሥቱ መላ አገኘ። መሐል ጣቱን አነሣ፤ የሚመታውንም በሦስቱ ወፍራም ክሮች ብቻ ወሰነ። ዶና ሶል ብቻ ቀሩ፤ ባዕዱ ድምፅ ወጣ። ይህን ማድረግ የሮክ ተጫዋቾች የዘወትር ልማድ ነው፤ እሱ ግን ለምን እንደሚያነሣ ያን ቀን ዐወቀ። አያቱ አምባሰሉን እስከ መጨረሻው አዜሙ።

ቀጥለው አንቺ ሆዬን ጀመሩ። በአንቺ ሆዬ ሶልም ወርዳ ሶል ፍላት ትሆናለች፤ ትናንት የተገኘው መላ እዚህ አይሠራም። ልጁ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ዝም ብሎ ያዳምጥ ጀመር።