ዘርና ስሙ

ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ተቆልፎ ቢቀመጥ ዳነ ይባላልን?

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ የስንዴና የገብስ ዘር ሲሰበስብ፣ አገሪቱ ከዓለም የሰብል መገኛዎች አንዷ መሆኗን ተገነዘበ። ይሁን እንጂ ይህን ሀብት ተፈጥሮ ብቻዋን አላፈራችውም። በየመኸሩ ምርጡን ዛላ ለይቶ ለዘር ያስቀረው ገበሬና ጎተራውን የጠበቀችው ገበሬ የእጃቸው ሥራ ነው። «ሰነፍ ቆሎ» የተሰኘው የገብስ ስም ይመስክር፤ ገለባው በቀላሉ ስለሚለቅ ሰነፍም አይቸገርበትም። በአንድ ስም ውስጥ ምርምርም ፈገግታም አለ።

ታዲያ ባህል ብቻውን ይበቃልን? አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1984 በደረሰው ረሃብ ብዙ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል ለመብላት ተገዷል። ልጁ ሲራብ የዘር ቋቱን የከፈተ አባት አይወቀስም፤ የነገን አደራ በተራበ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ የጣለ ኅብረተሰብ ግን ይወቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከል አስፈላጊነት እዚህ ላይ ይገለጣል። ማዕከሉን የመሩትና እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት ዶክተር መላኩ ወረደም ዘሩ በጎተራ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ፣ በገበሬው እጅ እየተሻሻለ እንዲኖር ጥረዋል።

ሳይንስ የዘሩን ሕይወት ይጠብቃል፤ ባህል አጠቃቀሙን ያወርሳል። ኪነ ጥበብስ? ስሙን፣ የአውድማውን ዜማ፣ የዘሪውን ቀልድ ከነትርጉማቸው ለከተማው ልጅ ማድረስ የእርሱ ድርሻ ነው። ስሙን የሚያውቅለት የሌለው ዘር ቢጠፋ፣ መጥፋቱን ማን ያስተውላል?