ስለ እግር መንገድና ስለ ወፍ ጎጆ

ሰው መንገድ ሲያወጣ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም፦ መንገዱ አጭር ነውን? ለእግርስ ይመቻልን? የሚል ነው። ነገር ግን ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ መንገዱ የሚያልፍበት ስፍራ አስቀድሞ የማን ማደሪያ ነው? ይህ ጥያቄ ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው ሳይሆን የኅሊና ጥያቄ ነው።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የተጻፈው አንድ ሕግ በቀጥታ መንገደኛውን ይመለከታል። በመንገድ ሲሄድ በዛፍ ወይም በምድር ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ያዝዛል። ሕጉ ሰውን መሄድ አልከለከለውም፤ ለእጁ ግን ወሰን አበጀለት። ለዚህ ትእዛዝ ጠባቂ የተሰጠውም ተስፋ አባቱንና እናቱን ለሚያከብር የተሰጠው ነው፤ ይኸውም መልካም ኑሮና ረጅም ዕድሜ። ታናሽ ለሚመስል ትእዛዝ ይህን ያህል ዋጋ መሰጠቱ እናትነት በፍጥረት ሁሉ ዘንድ ሊከበር እንደሚገባ ያስረዳናል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ስፍራ በአገራችን አለ። በጣና ሐይቅ ደቡብ በኩል ወደ ውኃው ገብታ የምትገኘው ዘጌ በጥንት ሥርዓቷ በሬ አይጠመድባትም፥ ከብትም አይሰማራባትም፤ ትውፊትም ይህን ሥርዓት ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል። ስለዚህ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ጦጣውና ወፉ በቅርንጫፉ ይኖራል፤ ከታንኳ ወርዶ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣ ሰውም በዚያው ጥላ ሥር በቀጭን የእግር መንገድ ይሄዳል። ጣናም ከነዙሪያው በ2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) ዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ ከሚጠራቸው ጥብቅ ስፍራዎች ጋር ተመዝግቧል።

እንግዲህ ከሐይቅ ዳር ወደ ገጠር የሚያወጣ የእግር መንገድ ለማቀድ የሚነሣ ሰው ከዚህ ይማር። ደንገሉ ዓሣ የሚራባበት፥ ወፍም ጎጆዋን የምትሠራበት ስለ ሆነ የታንኳው መቆሚያ ከደንገሉ ራቅ ይበል። በየአቅጣጫው ከሚበዙ ዱካዎች ይልቅ አንድ የታወቀ መንገድ ይሻላል፤ አራዊት የሰውን መተላለፊያ ለይተው ካወቁ በቀረው ስፍራ በዕረፍት ይኖራሉና። ወፎች በሚፈለፍሉበት ወራት መንገዱ ዞር ይበል፤ አንዱን ደን ከሌላው የሚያገናኘው ቁጥቋጦም አይመንጠር።

«ወፍ ከሰው ይበልጣልን? እንጨት ሸጣ የምታድረው ድኻ ሴትስ ምን ትብላ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነት አለበት። ደኑን የሚጠብቀው እየተራበ መንገደኛው ብቻ ደስ ቢለው ፍትሕ አይደለም። ስለዚህ ከመንገዱ የሚገኘው ጥቅም፥ ማለት የመንገድ መሪው ደመወዝ፥ የታንኳው ክፍያ፥ የቡናው ሽያጭ፥ አስቀድሞ ለስፍራው ነዋሪ ሊደርስ ይገባል። ያን ጊዜ የቆመው ዛፍ ከተቆረጠው ይልቅ እንጀራ ይሆነዋል።

መንገድ ሲጠመዘዝ ለሰው የሚጨመርበት ድካም ጥቂት እርምጃ ነው። ሰው ዞሮ መሄድ ይችላል፤ ጎጆ ግን ከስፍራው ሊነሣ አይችልም። የሚችለው ለማይችለው መንገድ ይልቀቅ።