የተቃጠለች ከተማ ለማን ትታነጻለች?

«እሳት ካየው ምን ለየው» ይላል ያገራችን ሰው። በእርግጥም እሳት ያገኘውን ሁሉ አንድ ያደርገዋል፤ የባለጸጋውን አዳራሽ ከድኻው ጎጆ፣ የጸሎቱን ቤት ከመጋዘኑ አይለይም። መልሶ የሚያንጸው የሰው እጅ ግን ይለያል። ማን ቀድሞ ይገባል? ማን ተራ ይጠብቃል? ማንስ ከናካቴው ይቀራል? እነዚህን ጥያቄዎች እሳቱ አይመልሳቸውም፤ የሚመልሷቸው የተረፉት ሰዎች ናቸው። ስለዚህም በዚህ ጽሑፋችን፣ በካናዳ በሮኪ ተራሮች መካከል የምትገኘውን ጃስፐር የተባለችውን ትንሽ ከተማ ምሳሌ አድርገን፣ የወደመች ከተማ እንደገና ስትሠራ በቅድሚያ ልናስበው የሚገባን ማንን እንደ ሆነ ከአንባቢዎቻችን ጋር ልንመረምር እንወዳለን።

ጃስፐር በአልበርታ ክፍለ ሀገር፣ ከኤድመንተን ከተማ በስተ ምዕራብ 365 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስሟ በሚጠራው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተቆረቆረች ናት። ነዋሪዎቿ 5,000 ያህል ሲሆኑ፣ ተራራውንና ሐይቁን ለማየት በየዓመቱ የሚመጣው ጎብኚ ግን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነው። ኑሮዋ ሁሉ እንግዳ በመቀበል ላይ የተመሠረተ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2024) ሰደድ እሳት ስለ ተቃረባት፣ ነዋሪውም ጎብኚውም፣ በድምሩ 25,000 ያህል ሕዝብ፣ በሌሊት ከከተማዋና ከፓርኩ እንዲወጣ ታዘዘ። ከሁለት ቀን በኋላ እሳቱ በኃይለኛ ነፋስ እየተገፋ ከተማዋ ውስጥ ገባ። ከ1,113 ሕንጻዎች 358ቱ ወደሙ። ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቶቹ በእሳት ተከላካዮች ድካም ዳኑ፤ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ግን ከወደሙት መካከል ነበረ። ሕዝቡ አስቀድሞ ስለ ወጣ ከነዋሪዎቹ አንድም ሰው በእሳቱ አልሞተም። ይሁን እንጂ በቀጣዮቹ ቀናት አንድ ወጣት እሳት ተከላካይ በሥራ ላይ ሳለ ዛፍ ወድቆበት ሕይወቱን አጥቷል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እሳቱ አብዝቶ የበላው በምዕራብ በኩል ያለውን የነዋሪዎች ሰፈር ነው። የገበያው መንገድና አብዛኞቹ ሆቴሎች ተርፈዋል። ወደ 800 የሚጠጉ መኖሪያዎች በመጥፋታቸው 2,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ። በነሐሴ ወር አጋማሽ ነዋሪዎች እንዲመለሱ ሲፈቀድና ሆቴሎች ቀስ በቀስ ሲከፈቱ ታዲያ አንድ እንግዳ ነገር ታየ፤ ለጎብኚው አልጋ አለ፤ አልጋውን ለምታነጥፈው ሴት ግን ማደሪያ የለም። ምግቡን ለሚበላው ወንበር አለ፤ ለሚያበስለው ሰው ግን ጣሪያ የለም። ከእሳቱ በፊት እንኳ የኪራይ ቤት እጅግ ብርቅ በነበረበት ስፍራ፣ ከእሳቱ በኋላ የሠራተኛው ችግር ምን ያህል እንደ ከበደ መገመት አያዳግትም።

አንዳንዶች «በቅድሚያ ሆቴሎቹ ይከፈቱ፤ ገንዘብ ሳይገባ ከተማ አይሠራም» ይላሉ። ይህን አሳብ ከስግብግብነት ብቻ የመጣ አድርገን ልንንቀው አይገባንም። ጎብኚ ካልመጣ ደመወዝ የለም፤ ደመወዝ ከሌለም ሠራተኛው ከተማውን ጥሎ ይሄዳል። ሌሎች ደግሞ «ቤቱን በላቡ የሠራው፣ የኢንሹራንስ ክፍያውንም ዘመኑን ሙሉ የከፈለው ባለቤት ይቅደም» ይላሉ። ይህም እውነት አለው። የሰውን ንብረት ማክበር የፍትሕ ክፍል ነውና የባለቤቱን ድርሻ ቀምቶ ለሌላ መስጠት ምጽዋት አይባልም።

ነገር ግን የሒሳብ መዝገብ የማይቆጥረው ጉዳት አለ። ቤት የተቃጠለበት ባለቤት የሚያሳየው ውል አለው፤ መድን ገብቶ ከሆነም ለቤቱ ካሣ ይጠይቃል፤ ቢዘገይም የሚመለስበት ቦታ አለው። ተከራዩ ግን ቢበዛ የዕቃውን ዋጋ ነው የሚያገኘው። ለኖረበት ክፍል፣ ለለመደው ጎረቤት፣ ልጁን ለሚልክበት ትምህርት ቤት ቅርብ ለነበረው ቦታ የሚያቀርበው ወረቀት የለውም። በወረቀት ሲታይ ጥቂት ያጣ የሚመስለው ሰው ከተማዋን በሙሉ ሊያጣ የሚችለው እርሱ ነው።

በጃስፐር ይህን ነገር ይበልጥ ግልጽ የሚያደርግ ሕግ አለ። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ባለቤቶች ቤታቸውን የሚሠሩት በሊዝ በያዙት ቦታ ላይ ነው። በፓርኩ ውስጥ መኖር የሚፈቀድለትም በዋናነት በዚያ የሚሠራ፣ የንግድ ሥራ የሚያካሂድ፣ ወይም ለዓመታት ኖሮ በዚያው ጡረታ የወጣ ሰውና ቤተሰቡ ነው። እንግዲህ ሕጉ ራሱ ከተማዋ የተቆረቆረችው ለሚያገለግሏት ሰዎች መሆኑን ይመሰክራል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ወጥ ቤት የሚሠራው፣ አንሶላ የምታጥበው፣ በረዶ የሚጠርገው ሰው በከተማዋ እንግዳ ሳይሆን ባለ ቤት ነው።

መጽሐፈ ነህምያን ያነበበ ሰው ይህን ነገር አዲስ ሆኖ አያገኘውም። የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲሠራ ብዙዎች በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ተካፍለው ያንጹ ነበር፤ ሥራውም ተፋጠነ። በመካከሉ ግን የድኾች ጩኸት ተሰማ። እርሻቸውንና ቤታቸውን በመያዣ አስይዘው፣ ልጆቻቸውንም ለባርነት አሳልፈው እስከ መስጠት ደርሰው ነበር፤ ጨቋኞቻቸውም ባዕዳን ሳይሆኑ ወንድሞቻቸው ነበሩ። ነህምያ «ቅጥሩ ይለቅ፤ ይህ ኋላ ይታያል» አላለም። ጉባኤ ጠርቶ የተወሰደው እንዲመለስ አደረገ። ድንጋዩ በድንጋይ ላይ እየተደራረበ ሕዝቡ የሚፈርስ ከሆነ ከተማ ተሠራ ሊባል እንደማይችል ዐውቆ ነበርና።

በጃስፐርም ቅን አሳብ ያላቸው ወገኖች ሳይግባቡ የቀሩበት ጊዜ አለ። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ገደማ 250 ቤቶችን ለመሥራት ቃል ገብቶ ነበር። ዳሩ ግን አንዱ ወገን ለየብቻ የቆሙ ቋሚ ቤቶችን ሲፈልግ፣ ሌላው በጠባቡ መሬት ላይ ብዙ ሰው የሚያስጠልሉ ቤቶች ይሻላሉ ስላለ፣ ዕቅዱ እንደ ታሰበው ሳይፈጸም ቀረ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ይሁን እንጂ «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» እንደሚባለው፣ ክርክሩ የሚያባክነው ጊዜ የሚቆጠረው በቤት አልባው ሰው ክረምት ላይ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። ብዙዎች «እንደ ነበረ ይመለስ» ሲሉ እንሰማለን። የትኛው «እንደ ነበረ»? ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1907 ሲከለል በሸለቆው ይኖሩ የነበሩ የሜቲስ ቤተሰቦች በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታት መሬታቸውን እንዲለቁ ተደርገዋል። ቀደምት ነዋሪዎች ሣሩን በየጊዜው በጥንቃቄ ያቃጥሉት ነበር፤ ከእነርሱ በኋላ የመጣው አስተዳደር ግን ለረጅም ዘመን እሳትን ሁሉ እንደ ጠላት ቆጥሮ አጠፋ። በዚህም ምክንያት ደኑ እጅግ ጠቀጠቀ፤ ጥንዚዛ ያደረቀው የጥድ ዛፍም ማገዶ ሆኖ ቆየ። ስለዚህ ያለፈውን ሳይመረምሩ የነበረውን ብቻ መመለስ ለሚቀጥለው እሳት ማገዶ መከመር ይሆናል። ጣሪያው እሳት የማይዘው መሆን እንዳለበት ሁሉ፣ የቤት ድልድሉም ድኻውን የማይጥል ሊሆን ይገባዋል።

እኛ የምንለው ይህ ነው። የግል ንብረት ለባለቤቱ ይጠበቅ። የጋራ የሆነው ነገር፣ ይኸውም የመንግሥት መሬት፣ የሕዝብ ገንዘብ፣ ጊዜያዊው መጠለያና የፈቃዱ ተራ ሲደለደል ግን ዐይናችን አስቀድሞ መሄድ ያለበት ወረቀት ወደሌለው ሰው ነው።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ መስሎ እንዳይታየን። በሠፈራችን ቤት ሲቃጠል ጎረቤት ተሯሩጦ ውኃ ያፈሳል፤ እድርተኛውም መዋጮ ይሰበስባል። የተሰበሰበውም አብዛኛውን ጊዜ ለቤቱ ባለቤት ይሰጣል፤ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ግቢ፣ በጓሮ በኩል ባለችው አንዲት ክፍል፣ ፍራሿና ድስቷ አብረው የነደዱባት ተከራይ አልነበረችምን? የእድሩ አባል ስላልሆነች ስሟ በመዝገብ የለም። ቤቱ ታድሶ ኪራዩ ሲጨምርም ወደ ቀድሞ ክፍሏ ልትመለስ አትችልም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ባልንጀራን ስለ መውደድ በሚያስተምሩበት ሰዓት ይህችን ሴት ምሳሌ አድርገው «ስሟን በመዝገቡ ማን ይጻፍላት?» ብለው ተማሪዎቻቸውን ቢጠይቁ፣ መልሱ ከክፍሉ ወጥቶ እስከ እድሩ ስብሰባ ሊደርስ ይችላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።