ባለቤቱ ሲሞት የእንስሳው አደራ ለማን ነው?

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በሚያደርስ ሕመም ተይዞ ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ ወደ እርሱ ገብቶ የሞቱ ቀን መቅረቡን አስታወቀው፤ ቤቱንም እንዲያሰናዳ ከእግዚአብሔር ዘንድ የተላከውን ትእዛዝ ነገረው (ኢሳ. 38፥1)። እናት ቤተ ክርስቲያንም ልጆቿን ለመልካም ሞት ስታዘጋጅ ንስሐን፣ ቅዱስ ቁርባንንና ምሥጢረ ቀንዲልን ታስቀድማለች። ከዚህም ጋር ዕዳን መክፈል፣ ከተጣሉት መታረቅ፣ ንብረትን ያለ አድልዎ ማከፋፈል፣ ለሕፃናትና ለደካሞች ጠባቂ ማበጀት የክርስቲያን ግዴታ መሆኑን ታስተምራለች። ይህን ሁሉ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምረን ሰምተነዋል። ነገር ግን በቤታችንና በግቢያችን እስትንፋስ ኖሯቸው አንደበት ስለሌላቸው፣ ቀለባቸውንም ከእጃችን ስለሚጠብቁ እንስሳት በዚያ ሰዓት የሚያስብ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሰው ከእርሱ በኋላ ለሚቀሩት እንስሳት አስቀድሞ መዘጋጀቱ ቢፈልግ የሚያደርገው፣ ባይፈልግ የሚተወው ነገር ነውን? ወይስ የሕሊና ግዴታ ነው?

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

በከተማ ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት መበለት ሲያርፉ እድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ዘመድ ከቅርብም ከሩቅም ይሰበሰባል፤ ሠልስቱ ይወጣል፤ አርባው ይታሰባል። ከዚያም ዕቃው ይከፋፈላል፤ ቤቱ ይከራያል ወይም ይሸጣል። በግቢው ጥግ በሰንሰለት የታሰረው ውሻ ግን የማን ድርሻ እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። በልቅሶው ሰሞን ከእንግዶች ማዕድ ትርፍራፊ አይጠፋውም፤ ድንኳኑ ሲነሣ ግን የእርሱም ቀለብ አብሮ ይነሣል። አበው ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዳሉት፣ የሚያጎርሰው እጅ ከተቀበረ በኋላም ማንም የማይከፍተውን በር እየጠበቀ ይጮኻል። በመጨረሻ አንድ ሰው አዝኖለት ወይም ሰልችቶት ሰንሰለቱን ፈትቶ ወደ ጎዳና ይለቀዋል።

ይህ ለውሻው ብቻ ጉዳት አይደለም። ክትባቱን የሚያስከትብለት የሌለው፣ ከመንጋ ጋር የሚንከራተት ውሻ ለሰፈሩ ሕፃናት አደጋ ይሆናል። በዓለም ላይ ሰዎችን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 ከመቶ የሚደርሰው የሚተላለፈው በውሻ አማካይነት መሆኑን የዓለም የጤና ድርጅት ያስታውቃል። በከተሞቻችንም ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ ሲገደሉ ያየ ሰው አይጠፋም። ከእነዚያ መካከል አንዳንዶቹ አንድ ጊዜ ስም ወጥቶላቸው፣ ሲጠሩ ጅራታቸውን እየቆሉ የሚመጡ የቤት እንስሳት እንደ ነበሩ መገመት አያዳግትም።

በገጠር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ባለቤቱ የሚያርስበት በሬ ለተዝካር ይታረድና መበለቲቱ በመጪው ክረምት የሰው በሬ ስትለምን ትታያለች። ዕድሜውን ሙሉ ውኃና እህል የተሸከመው አህያ፣ ጌታው ሲሞትና ጀርባው ሲቆስል፣ ወራሾቹ ስለማይፈልጉት ለጅብ ይተዋል። በሬን ለምግብ ማረድ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ይሁን እንጂ የአንድ ቀን ግብዣ የአንድ ዓመት እርሻን ሲያስቀር፣ ያገለገለም እንስሳ በሕይወቱ ሳለ ለአውሬ ሲጣል፣ የጎደለው ነገር ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ማስተዋልም ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

መጽሐፈ ምሳሌ የጻድቅን ሰው ጠባይ ሲገልጽ ለእንስሳው ነፍስ የሚያስብ መሆኑን ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ ያስቀምጣል (ምሳ. 12፥10)። ሕገ ኦሪትም የሰንበትን ዕረፍት ለበሬና ለአህያ ጭምር ሰጠ (ዘፀ. 23፥12)፤ የሚያበራየውን በሬ አፍ መሸበብን ከለከለ (ዘዳ. 25፥4)። በመጽሐፈ ጦቢት የወጣቱ ጦብያ ውሻ ከመልአኩ ጋር በመንገድ ሲጓዝ እናገኘዋለን። እግዚአብሔርም ነነዌን የማራበትን ምክንያት ለዮናስ ሲገልጽለት ከብዙው ሕዝብ ቀጥሎ እንስሶቿንም ጠቀሰ (ዮና. 4፥11)።

እ.ኤ.አ. በ1992 በር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ የጸደቀው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረታት መሆናቸውን፣ ሰዎችም ቸርነት ሊያደርጉላቸው እንደሚገባ ያስተምራል፤ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲሲንና ቅዱስ ፊሊጶስ ኔሪንም በምሳሌነት ያነሣል (ቁ. 2416)። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ፍጥረታት ለእኛ ከሚሰጡት ጥቅም በላይ በእግዚአብሔር ፊት የራሳቸው ዋጋ እንዳላቸው አስገንዝበዋል።

ስለ ቅዱስ ፊሊጶስ ኔሪ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች የሚተርኩት አንድ ነገር ለጉዳያችን እጅግ ይስማማል። ቅዱሱ እ.ኤ.አ. በ1583 በሮም ከሚኖርበት ከቅዱስ ሄሮኒሞስ ቤት ወደ ቫሊቼላ ሲዛወር ድመቱን በቀድሞው ቤት ተዋት፤ ነገር ግን አልረሳትም። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱን በየጊዜው እየላከ ያስመግባት ነበር፤ የተላከውም ሲመለስ መብላቷን ይጠይቀው ነበር። ቅዱሱ በዚህ ሥራ የደቀ መዛሙርቱን ትዕቢት ማዋረድ እንደ ፈለገ ይነገራል፤ የሆነ ሆኖ ድመቲቱ አልተራበችም። እርሱ በማይገኝበት ቤት የእርሱን እጅ የሚተካ እጅ አዘጋጅቶላት ነበርና። እኛም ለሞታችን ቀን የምንጠየቀው ከዚህ የሚበልጥ አይደለም።

ሰው ሳይጠግብ ስለ እንስሳ?

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሰው በሚራብበት፣ ወላጅ የሌለው ሕፃን በጎዳና በሚያድርበት አገር ስለ ውሻና ስለ ድመት ኑዛዜ ማውራት ቅንጦት አይደለምን? ይህን የሚል ሰው ልቡ ደንድኖ ነው ብለን ልናልፈው አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ይህን ጥያቄ ታነሣለችና። ትምህርተ ክርስቶስ እንስሳትን ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየትና መግደል ለሰው ክብር የማይገባ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፣ የሰውን ችግር ለማቃለል በቅድሚያ ሊውል የሚገባውን ገንዘብ ለእንስሳት ማፍሰስም እንዲሁ የማይገባ መሆኑን ያክላል። እንስሳትን መውደድ ይቻላል፤ ለሰው ብቻ የሚገባውን ፍቅር ለእነርሱ ማዞር ግን አይገባም (ቁ. 2418)።

ይህ ሥርዓት ሲፈርስ ምን እንደሚመስል የምታሳይ አንዲት የታወቀች ባለጸጋ አለች። ሊዮና ሄልምስሊ የተባለችው የኒው ዮርክ ባለ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርፍ ለአንዲት ትንሽ ውሻዋ 12 ሚሊዮን ዶላር ስትተው፣ ከልጅ ልጆቿ ሁለቱን ግን ከውርሷ ነቀለች። በሚቀጥለው ዓመት ዳኛ ገንዘቡን ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ አደረገው። እዚህ ላይ ስሕተቱ ውሻዋን ማሰቧ አልነበረም፤ ፍቅሯ ቅደም ተከተሉን መሳቱ ነበር።

ጌታችንም በአንድ አንቀጽ ሁለቱን እውነቶች አስተባብሮ አስተምሮናል፦ ከድንቢጦች አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ፊት አልተረሳችም፤ እናንተም ከብዙ ድንቢጦች ትበልጣላችሁ (ሉቃ. 12፥6-7)። የሰው ብልጫ የድንቢጧን መታሰብ አላስቀረም፤ የድንቢጧም መታሰብ የሰውን ብልጫ አልቀነሰም።

ከዚህም ሌላ፣ በግቢ ታስሮ በረኀብ የሞተ ውሻ አንድ ድኻ አላጠገበም። ለእንስሳው አስቀድሞ ማሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ቃል ነው፤ ይኸውም ጎረቤትን ጠርቶ መነጋገር ነው። እንስሳን መውደድ የባለጸጋ ጠባይ ብቻ ነው የሚለውም አሳብ እውነት አይደለም። ነቢዩ ናታን ለዳዊት በተናገረው ምሳሌ ከእንጀራው የሚያበላትን፣ ከዋንጫው የሚያጠጣትን አንዲት በግ እንደ ልጁ ያሳደገው ድኻው ሰው ነበር (2 ሳሙ. 12፥3)። ዛሬም ልጆቿ ርቀውባት፣ ዘወትር በር ላይ የሚቀበላት ውሻዋ ብቻ የሆነ አሮጊት በየቁምስናው ትገኛለች።

«ከእኔ ጋር ይሙት» የሚል ኑዛዜ

አንዳንድ ሰው እንስሳውን ከመውደዱ የተነሣ «እኔ ስሞት እርሱንም ግደሉት፤ ሌላ ሰው አያንገላታው» ይላል። አነጋገሩ ከርኅራኄ የመጣ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን በውስጡ ስሕተት አለበት። እንስሳው በሕግ ዓይን ንብረታችን ቢሆንም ሕይወቱ የኛ ቅጥያ አይደለችም። እስትንፋሱን የሰጠው እኛ አይደለንም፤ እኛ በመሞታችንም የእርሱ የመኖር ምክንያት አያልቅም። ጤነኛና ሰላማዊ እንስሳ፣ የሚቀበለው ሰው ሳይፈለግለት፣ የባለቤቱን ሐዘን ተከትሎ ይሙት ማለት ያለ በቂ ምክንያት መግደል ነው።

በእርጅና ወይም በማይድን በሽታ ለሚሠቃይ፣ ወይም ለሰው አደገኛ ለሆነ እንስሳ ግን ነገሩ የተለየ ነው። በእንስሳት ሐኪም እጅ ያለ ሥቃይ እንዲያልፍ ማድረግ በሰንሰለት ታስሮ ከመራብ ወይም በመርዝ ተንፈራግጦ ከመሞት የተሻለ ምሕረት ሊሆን ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ለሰው ሕይወት ፈጽማ የማትፈቅደውን ይህን ነገር ለእንስሳ ማድረግ የሚቻለው፣ በሰውና በእንስሳ መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ በመሆኑ ነው።

አደራው እንዴት ይሰጣል?

እንስሳ ሊወርስ አይችልም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት እንስሳ ከሚንቀሳቀሱ ንብረቶች የሚቆጠር በመሆኑ፣ ባለቤቱ ሲሞት እርሱ ራሱ ለወራሾች ይተላለፋል። ስለዚህ ኑዛዜው ለእንስሳው ሳይሆን እንስሳውን ለሚቀበለው ሰው መደረግ አለበት። ሕጉ በግልጽ የሚደረግ፣ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግና በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ብሎ ሦስት ዓይነት ኑዛዜዎችን ያውቃል። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረገው ደግሞ ሙሉ በሙሉ በገዛ እጁ የተጻፈ መሆን ይገባዋል። በአልጋ ላይ በቃል የሚነገረውን ኑዛዜ ግን ሕጉ በጠባብ ወሰን አጥሮታል፤ በእርሱ የሚሰጡ ስጦታዎች እያንዳንዳቸው ከ500 ብር መብለጥ አይችሉም። ስለሆነም ላምን ወይም በቅሎን የመሰለ ዋጋ ያለው እንስሳ ያለው ሰው በደኅናው ጊዜ በጽሑፍ ቢያደርገው ይሻለዋል።

ከወረቀቱ በፊት ግን የሚቀድም ነገር አለ፤ ይኸውም የተቀባዩ ፈቃድ ነው። ሳያውቅና ሳይስማማ በሞተ ሰው ቃል የታሰረ ጎረቤት አደራውን እንደ ዕዳ ይቈጥረዋል፤ እንስሳውም የዚያን ምሬት ይቀምሳል። እንግዲህ ሰውዬውን አስቀድሞ በነጻነት መጠየቅ፣ እንቢ ቢል አለመቀየም፣ እሺ ካለም የእንስሳውን ጠባይ፣ ምግቡንና ክትባቱን መንገር ያስፈልጋል። የሚቻለው ሰው ለቀለብ የሚሆን ጥቂት ነገር ቢጨምር ፍትሕ ነው፤ የማይቻለው በምስጋናና በጸሎት ይክፈል። ስምምነቱንም አንድ ዘመድና አንድ የእድር ሽማግሌ ቢያውቁት፣ በልቅሶው ግርግር አይረሳም።

አደራ ሳይሰጥ በድንገት የሞተ ሰው ቢኖርስ? ሀብቱን የወረሰ ሸክሙንም ወርሷል። ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን የሚከፋፈል ወራሽ፣ ያንን ቤት ለዓመታት የጠበቀውን እንስሳ «እኔን አይመለከተኝም» ሊል በሕሊናው አይችልም። ራሱ ባያሳድገው እንኳ የሚያሳድገውን እስኪያገኝ መቀለብ ግዴታው ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና በሽተኞችን የምትጎበኙ ምእመናን በዚህ ረገድ ልዩ አገልግሎት ልትሰጡ ትችላላችሁ። ብቻውን የሚኖር ሕመምተኛ ዘንድ ስትገቡ ስለ ንስሐውና ስለ ቅዱስ ቁርባን እንደምትጠይቁት ሁሉ፣ በቤቱ ውስጥ የሚያሳስበው ነገር እንዳለም ጠይቁት። ብዙ ሰው «ይሥቁብኛል» ብሎ በመፍራት ስለ ድመቱ ወይም ስለ ላሙ ያለውን ጭንቀት አይናገርም፤ ልቡ ግን በዚያ ተይዞ ይሰነብታል። ይህን ሸክም ያወረደለት ሰው ለጸሎት የሚሆን ዕረፍት ሰጥቶታል። ሕፃናትንም ስታስተምሩ ቡችላ ማሳደግ ሲጀምሩ ደስ የሚላቸውን ያህል ሲያድግና ሲያረጅም ኃላፊነቱ እንደሚቀጥል ንገሯቸው።

አበው አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው ይላሉ። የአደራ ጥብቅነት የሚለካው በተሰጠው ነገር ዋጋ ሳይሆን በሰጪው ክብር ነው። እንስሳቱን በእጃችን ያኖረ ፈጣሪ ነው፤ እኛም ለጥቂት ዘመን ተረካቢዎች ነን። ታማኝ ተረካቢ መሄጃው ሲደርስ የያዘውን ሜዳ ላይ ጥሎ አይሄድም፤ ለሚቀጥለው ሰው በእጁ ያስረክባል። በጥቂቱ የታመነ በብዙም እንደሚታመን ጌታችን አስተምሮናልና (ሉቃ. 16፥10)፣ በደኅናችን ሳለን ቤታችንን የምናሰናዳበትን ማስተዋል ቸሩ አምላክ ያድለን። አሜን።