ፈቃዱ ነው ወይስ ዕድሉ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ከአፋችን የማይጠፉ ሁለት አባባሎች አሉ። አንደኛው «ፈቃዱ ነው» ሲሆን ሁለተኛው «ዕድሌ ነው» የሚለው ነው። መቼ የትኛውን እንደምንናገር ግን ልብ ብለን አናውቅም። በሸዋ በር በኩል ስናልፍ ሌላው የጣለውን ገራባ ለቅሞ ግንብ ሥር የተቀመጠ ጎልማሳ እናያለን፤ አፋችንን መጠጥ አድርገን «ምን ይደረጋል፣ ፈቃዱ ነው፤ ማን አስገደደው?» እንላለን። ይህን ያለው ሰው ቤቱ ገብቶ ሚስቱ ላይ ሲጮህ ደግሞ «እኔ እንዲህ ነኝ፣ ተፈጥሮዬ ነው» ይላል። ሐሜት የለመደች እኅታችን «አፌ አያርፍልኝ፣ ምን ላድርግ» ትላለች። ሚዛን የሚያጎድለው ነጋዴም «ገበያው እንዲህ ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል» ይላል። ኑሮ ሲከፋብንማ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» የማንል ስንቶቻችን ነን?

እንግዲህ ለሌላው ሰው ጥፋት ነጻ ፈቃድን እንሰጠዋለን፤ ለራሳችን ጥፋት ግን ዕድልን፣ ተፈጥሮንና ሰፈሩን ምስክር እንጠራለን። ይህ ፍርድ ልክ ሊሆን አይችልም። ሰው ነጻ ከሆነ እኔም ነጻ ነኝ፤ ሰው በሰፈሩና በልማዱ የሚያዝ ከሆነ ደግሞ ግንብ ሥር ያለውም ወንድሜ ተይዟል።

አባቶቻችን እንዳስተማሩን ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ ማለትም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት፣ እንዲሁም ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ ከልብ፣ ከቃልና ከሕይወት ተፈጥሯል። ሥጋ ይጎትታል ቢባል እውነት ነው። መጎተት ግን ሌላ ነው፣ ተከትሎ መሄድ ሌላ ነው። ክፋት የሚባል ባሕርይ በሰው ውስጥ አልተፈጠረም፤ ክፋት የሚመጣው ከፈቃድ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 15 እሳቱም ውኃውም ለሰው እንደቀረቡለት፣ መርጦ የሚያነሣውም ራሱ እንደሆነ ያስተምረናል። የአርባ ቀን ዕድል የሚባለውም ቢሆን ከቤተ ክርስቲያን የተገኘ አይደለም። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ የሚጠመቀው ልጅነትን ሊያገኝ እንጂ ዕድል ሊሰፈርለት አይደለም። (ዕድል በአርባ ቀን የሚጻፍ ቢሆንማ በ80 ቀናቸው የሚጠመቁት ሴቶች ልጆቻችን ምን ሊሆኑ ነው?)

ሰበብ ፍለጋው ጥንትም ነበረ። አዳም ሲጠየቅ ወደ ሔዋን ጠቆመ፤ ሔዋንም ወደ እባቡ ጠቆመች። የሚጠቁምበት ያጣው እባቡ ብቻ ነው።

«ልማድስ? እኔ ሳልፈልግ የሚያሸንፈኝ ነገር አለ» የሚል ይኖራል። ለዚህ የሐረር ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ጁገልን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ሲያሠሩት አምስት በሮች ነበሩት። ሸዋ በር አንዱ ነው፤ ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። በአሚሮቹ ዘመን በሮቹ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር። ነገር ግን በግንቡ ሥር ለጅብ የተተወ ቀዳዳ አለ፤ ስሙም ወራባ ኑዱል ነው። በሩን በፈቃዳችን፣ ቀዳዳውን በልማዳችን መስሉት። በዓመት 55 ቀን በሩን ግጥም አድርገን እንዘጋለን፤ ጅቡ ግን ድሮም በሩን አንኳኩቶ አያውቅም። እንዲህም ሆኖ ቀዳዳውን የተወው ጅቡ አይደለም፣ ግንቡን የሠራው ሰው ነው። ልማድ ዛሬ ቢያስገድደንም መጀመሪያ ቦታ የሰጠነው እኛው ነን። ስለዚህ ሱስ የያዘው ሰው ነጻ አይደለም ማለት አይቻልም፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ሙሉ ኃይል አለው ማለትም አይቻልም። ነጻነቱ አለ፣ ግን ታሟል።

የታመመ ፈቃድ ምን እንደሚመስል የሚያሳየን መጻጉዕ ነው። ቅዱስ ያሬድ የዐቢይ ጾምን አራተኛ እሑድ በዚህ ሰው ስም መሰየሙ ያለ ነገር አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 እንደምናነበው ቦታው በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ ነው፤ አምስት መመላለሻም ነበረው። (በር አጠገብ መሆኑና አምስት መሆኑ ከእኛ ከተማ ጋር ገጠመ ብዬ ምሥጢር ላወጣለት አልፈልግም፤ ግን የጁገል ሰው ሲያነበው ልቡ ሳይደነግጥ አይቀርም።) ሰውዬው 38 ዓመት ተኝቷል። ጌታም መጥቶ መጀመሪያ ያቀረበለት ጥያቄ ነበር፤ መዳን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀው። 38 ዓመት የተኛ ሰው ይህን ይጠየቃል እንዴ? አዎን ይጠየቃል። ፈጣሪ የፈጠረውን ፈቃድ አልፎ አይገባም።

መልሱ ግን ያስገርማል። እፈልጋለሁም አልፈልግምም አላለም። ውኃው ሲናወጥ ተሸክሞ የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ። ብዙ ሰባኪ ይህን ሰበብ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ሰውዬው እውነቱን ነው የተናገረው። ፈቃድማ ነበረው፤ ፈቃድ ባይኖረው ኖሮ 38 ዓመት ሙሉ ከውኃው ዳር ምን ያደርግ ነበር? ያጣው ሰው ነው። እስቲ አስቡት፣ ውኃው በተናወጠ ቁጥር ቀድሞ የገባ ይድን ነበር። ከእርሱ ቀድመው ገብተው የዳኑት ሁሉ የት ሄዱ? እግር ካገኙ በኋላ በሚቀጥለው ጊዜ መጥቶ ይህን ሰው ብድግ አድርጎ የሚያስገባው አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። አንዳንዱም ሲያልፍ «ቢፈልግ ኖሮ እስካሁን ይድን ነበር» ሳይል አልቀረም።

ጌታ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ አልፈረደም። ሰው ስለሌለህ ምንም ማድረግ አትችልም አላለውም፤ ሰበብህን ተው ብሎም አልገሠጸውም። ሰው ላጣው ሰው፣ ሰው ሆኖ መጣለት፤ ከዚያም ተነሥቶ አልጋውን እንዲሸከም አዘዘው። የተሸከመው ግን መጻጉዕ ራሱ ነው። ሲድንም ፈቃዱ አልተወሰደበትም። አባቶቻችን እንደሚነግሩን በዕለተ ዓርብ ጌታን በጥፊ የመታው ይኸው ሰው ነው። የዳነበትን እጅ አዳኙን ለመምታት መጠቀም እስከቻለ ድረስ ነጻ ነበር ማለት ነው። የሚያስፈራ ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ጾማችን እንምጣ። መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ዕለት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገብተው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ በሐረር ጎረቤትም ጾመኛ፣ ባለሱቁም ጾመኛ፣ የምታገበያየን እናትም ጾመኛ ናት። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ዝግ ነው። ታዲያ ጾሙን የጾምነው እኛ ነን ወይስ ሰፈሩ? «ሰው ሁሉ ስለጾመ ነው የምትጾሙት፣ ይሄ ልማድ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም» የሚሉን አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከዘራ ተመርኩዞ አቀበት የወጣን ሰው፣ አቀበቱን የወጣው ከዘራው ነው አይባልም። ቤተ ክርስቲያን በአንድነት ጹሙ ያለችን ብቻውን የቆመ ፈቃድ ቶሎ እንደሚደክም ስለምታውቅ ነው። ጓደኛ ወደ ክፉ የሚስበውን ያህል ወደ በጎም ይስባል። ለክፉው «ጓደኛ አበላሸኝ» ካልን፣ ለበጎውም ጓደኛ ያስፈልጋል ማለታችን ነው።

ከዚህ ላይ ስለ አንድ የማውቀው ነገር ልናገር። በእኛ አካባቢ ጫት መተው የሚፈልግ ወጣት ጦርነቱ ጠዋት አይደለም። ጠዋትማ ሥራ አለ። ጦርነቱ ከምሳ በኋላ፣ ከቀኑ 7 እና 8 ሰዓት ላይ ነው፤ የበርጫ ሰዓት ሲደርስ። በዚያ ሰዓት ጓደኞቹ ሁሉ አንድ ቤት ናቸው፤ ጨዋታው እዚያ ነው፣ የሥራ ወሬው እዚያ ነው፣ የታመመውን የሚጠያየቁት እንኳ እዚያ ነው። ጫቱን ተው ስንለው ጓደኞቹንም ተው እያልነው ነው። የሚሸጠውን ብንወቅስ ደግሞ፣ በሐረርጌ ልጆቹን በዚህ የሚያሳድግ ገበሬ ስንት ነው? ነገሩ በአንድ ቁጣ የሚያልቅ አይደለም።

የጾሙ የሥራ ቀናት ቅዳሴ መቼ እንደሆነ አስተውላችኋል? ከቀትር በኋላ ነው። በትክክል በዚያው ሰዓት! ጫት የተወ ወጣት በዚያ ሰዓት መድኃኔዓለም ቢገባ አጠገቡ የሚቆም ሰው ያገኛል፤ እናቶች አሉ፣ ሽማግሌዎች አሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ተቀምጦ የሚያጫውተው አይጠፋም። ለዚህ ነው ብዙ ልጆች በጾም ትተው የምናየው። «እግዚአብሔር ረዳኝ» ይላሉ፤ እውነት ነው። የረዳቸው ግን ሰዓቱን በሰው ሞልቶ ነው።

ከትንሣኤ በኋላስ? በዓለ ሃምሳ ይገባል። ቅዳሴው ወደ ጠዋት ይመለሳል፤ የከሰዓቱ ግቢ ጭር ይላል። ልጁ ተመልሶ በርጫ ቤት ሲገባ ስናይ «አየህ፣ ለጾሙ ብቻ ነበር፤ ፈቃዱ ነው» እንላለን። ፈቃዱ መሆኑን አልክድም፤ እርሱም ስለ ራሱ መልስ ይሰጥበታል። እኛ ግን በዚያ ሰዓት የት ነበርን? አባወራው ቤቱ ጋደም ብሏል፤ የሰንበቴው ማኅበር በወር አንዴ ይገናኛል፤ እኔም ዲያቆኑ ቅዳሴው ካለቀ ልብሴን አጥፌ ሄጃለሁ። እናቴ፣ እርስዎ ከሰዓት በኋላ ቡና ያፈላሉ አይደል? አባቴ፣ የእርስዎ ሱቅ በዚያ ሰዓት ረዳት አያስፈልገውም? የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አንድ ልጅ በሸዋ በር ቆሞ ወደየት እንደሚሄድ ያስባል። የሚያውቀው አንድ ክፍት ቤት ብቻ ነው። የእርስዎን ቤት እስካሁን አልነገሩትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።