የማየት ዕዳ

ቋንቋችን እርጉዟን ሴት «ነፍሰ ጡር» ሲል ይጠራታል፤ ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። በስያሜው ውስጥ ተሸካሚዋም ሸክሙም አሉ። ሸክሙ ለዘመናት ከዐይን የተሰወረ ነበር፤ አዋላጅ በእጇ ትዳስሰዋለች፣ የቀረው ለማርያም ይተዋል። ዛሬ ግን ይታያል። ማየቱ መልካም ነው ወይስ ክፉ ብዬ አልጠይቅም፤ ያ ክርክር ጊዜው አልፎበታል። ጥያቄዬ፣ ካየን በኋላ ዕዳው የማን ነው የሚል ነው።

አልትራሳውንድ ወደ ሴቶች ሕክምና የገባው በጽንስ ምክንያት ብቻ አይደለም። የግላስጎው የማኅፀን ሐኪም ኢያን ዶናልድ፣ በብረት ውስጥ የተሰወረ ስንጥቅ መፈለጊያ የነበረውን መሣሪያ ወደ ሰው ሆድ አዞረው። እርሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጽሑፍ ከሚታወሱት ሕሙማን አንዷ፣ የማይድን የጨጓራ ካንሰር አለባት ተብላ ተስፋ የተቆረጠባት ሴት ናት። መሣሪያው ያሳየው ግን ፈሳሽ የቋጠረ የእንቁልጢ ዕብጠት ነበር። ዕብጠቱ ወጣላት፤ ዳነች። ከታሪኩ የሚያስደንቀኝ ዐይኑ አይደለም፤ ከዐይኑ አጠገብ እጅ መኖሩ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። የእህቴ ልጅ የምትኖረው ፉሪ ነው፤ ከለቡ ባቡር ጣቢያ ወዲያ፣ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በሆነው ሰፈር። በስድስተኛ ወሯ ከባሏ ጋር ሆነን ስሙን ወደማላነሣው ክሊኒክ ወሰድናት። ክፍሉ ጨለም ያለ ነው። እርሷ ተጋድማለች፤ የመሣሪያው መስኮት ግን ፊቱን ወደ እኛ ወደ ወንዶቹ አዙሮ ለእርሷ ጀርባውን ሰጥቷታል። ተውኔት ጸሐፊ ነኝና የመድረኩን አቀማመጥ መታዘብ ነበረብኝ፤ አልታዘብሁም። ይባስ ብሎ የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፦

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ ነው» አለ ባለሙያው። ተሳሳቅን። እርሷ ከተጋደመችበት «እኔስ ደኅና ነኝ?» አለች። «ሁሉም ወረቀቱ ላይ አለ፣ እናት» ተባለች።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። የፉሪ እናቶች የሚያምጡት በኦሮምኛና በአማርኛ ነው። ታጥፎ ቦርሳ ገባ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቡና ላይ ሳለን «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ያንብቡልኝ» ብላ አወጣችው። እንግዴ ልጁ የማኅፀኑን በር ሸፍኗል ይላል። ትርጉሙን ያስረዳችን አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት። ማኅፀኑ ሲያድግ እንግዴ ልጁ ወደ ላይ ሊሸሽ ይችላልና በስምንተኛው ወር ገደማ እንደገና ይታይ፤ ካልሸሸ ግን ምጥ ብርቱ መድማት ያመጣል፤ ስለዚህ ደም በተዘጋጀበት ሆስፒታል፣ በቀዶ ሕክምና መውለድ ግድ ነው፤ ከዚያ በፊት ደም ከታየ፣ ሕመም ባይኖረውም፣ አንድ ሰዓት አይታደርም። ይህ ሁሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ በቦርሳ ውስጥ ተኝቶ ነበር! እንግዴ ልጁ አልሸሸም። በቀዶ ሕክምና ወለደች፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልናት፤ ገንፎውም ቀረበ። እኔ ግን አልወርድልኝ አለ።

ባለሙያውን ብቻ መክሰስ ቀላል ነበር። እርሱ ያየውን ጽፏል። ቅራኔው ማየት ከማድረግ መለያየቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ በፓኪስታንና በጓቲማላ ገጠሮች የተካሄደ ጥናት ደግሞ መሣሪያው በመግባቱ ብቻ ሞት እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ሁለቱ አይጣሉም። በሁለቱ መካከል መንገድ አለ፣ ደም አለ፣ ሌሊት የሚነቃ ሐኪም አለ፣ የሚነበብ ወረቀት አለ።

ለማኅፀን በር ካንሰር የሚደረገውን ተራ ምርመራ ተመልከቱ። የሆምጣጤ ዘር የሆነው አሴቲክ አሲድ ይቀባል፤ የነጣ ቦታ ከታየና ለሕክምናው የሚመች ከሆነ በዚያው ዕለት በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። መስኮት የለው፣ ፎቶ የለው፤ ያየው እጅ ግን ሳያደርግ አይመለስም።

«ነፍሰ ጡር አትደንግጥ» የሚል ደግ ልማድ አለን። ደግነቱን አልክድም። ነገር ግን ዝምታው ለማን ነው? ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551፣ ጽንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖርበት እርግዝናን ማቋረጥን ይፈቅዳል። አንዲት እናት ይህን ትቀበል ወይም እስከ መጨረሻው ትሸከም፤ ሁለቱም የእርሷ ናቸው፤ ያልተነገራት ግን ሁለቱንም አጥታለች። ዶናልድ ራሱ ውርጃን አጥብቆ የተቃወመ ሰው ነበር፤ መሣሪያው ግን ለፈጣሪው አሳብ አልተገዛም።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ነፍሰ ጡር ጎረቤቷን ይዛ ወደዚያው ክሊኒክ ሄደች። ገና ከመግባቷ «መስኮቱን ወደ እርሷ ያዙሩት» አለች። ሳይወጡም ወረቀቱን፣ ቃል በቃል፣ በኦሮምኛ አስነበበች።