በጀርባ ላይ ስለ ተጻፈ ቃል

ሰው በገዛ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አያነብም፤ የሚያነበው ከኋላው ያለው ነው። ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን በራሪዎች ይለብሱት የነበረው የቆዳ ጃኬት ነው።

ጃኬቱ ኤ-2 ይባላል፤ የአሜሪካ ሠራዊት በፈረንጆች አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. ለበራሪዎቹ የመረጠው፥ ብዙውን ጊዜ ከፈረስ ቆዳ የሚሰፋ ቡናማ ልብስ ነበር። ከእንግሊዝ አገር እየተነሡ ጀርመንን ይደበድቡ የነበሩት ወጣቶች፥ ሥዕል የሚያውቅ ጓደኛ እየፈለጉ በጃኬቱ ጀርባ የአይሮፕላናቸውን ስም ያስጽፉበት፥ ቈንጆ ሴት ወይም አውሬ ያሥሉበት ነበር። ለፈጸሙት ዘመቻም ሁሉ አንዳንድ ትንሽ ቦምብ ያስጨምሩበት ነበር።

ይህን ስለ ምን አደረጉ ቢባል፥ ምክንያቱ ፍርሃት ይመስለኛል። በ1943 አንድ በራሪ ግዳጁን ጨርሶ ወደ አገሩ ለመመለስ 25 ዘመቻ መፈጸም ነበረበት፤ ብዙዎቹ ግን ከዚያ ሳይደርሱ ቀሩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 14 ቀን፥ ሽዋይንፉርት በምትባል ከተማ ላይ በተደረገው ዘመቻ ብቻ 60 ቦምብ ጣዮች ጠፉ፤ በእያንዳንዱም አሥር ያህል ሰው ይሳፈር ነበር። ስለዚህ ያች የተሣለች ቦምብ ለለባሹ «ዛሬም በሕይወት ተመለስሁ» ማለት ነበረች።

ከታች ላለው ሰው ግን ያችው ቦምብ ሌላ ቃል ትናገራለች። በ1943 በጁላይ ወር እንግሊዞች በሌሊት፥ አሜሪካኖች በቀን ሐምቡርግን በደበደቡ ጊዜ ከ30,000 በላይ ሰው አለቀ፤ ከነዚህም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

በ1943 በኖቬምበር ወር ብሬመንን ለመምታት የሄደ አንድ ወጣት አይሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከ። በጃኬቱ ጀርባ የተጻፈው፥ ትርጓሜው «የነፍስ ግድያ ኩባንያ» የሚሆን፥ ጋዜጦች ለኒው ዮርክ ነፍሰ ገዳዮች ያወጡት ስም ነበር። ጀርመኖችም ፎቶግራፉን አንሥተው፥ አሜሪካኖች ነፍሰ ገዳይነታቸውን በራሳቸው ጽሕፈት አመኑ እያሉ አወሩበት።

እርግጥ ነው፤ ዋርሶንና ሮተርዳምን የደበደበ፥ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ንጹሓንን የፈጀ መንግሥት ስለ ነፍስ ግድያ ፈራጅ ሊሆን አይገባውም ነበር። ይሁን እንጂ የከሳሽ በደል የተከሳሽን ቃል አያነጻም። እኔ ወጣቱን አልኰንነውም፤ ሞትን ዘወትር የሚያይ ሰው በሞት ቢቀልድ ለነፍሱ መጽናኛ ፈልጎ ነው። ነገር ግን በራስ ሞት መቀለድና በሌላው ሞት መቀለድ አንድ አይደሉም። በራሱ ሞት የሚቀልድ ከገዛ ገንዘቡ ያወጣል፤ በሌላው ሞት የሚቀልድ ግን ያልተሰጠውን የሰው ገንዘብ ያባክናል። የተዋጋበት ምክንያት እውነተኛ ቢሆን እንኳ፥ እውነቱ ለመዋጋት ፈቀደለት እንጂ በሞተው ለመሣቅ አልፈቀደለትም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ለሥራችን ስም በምናወጣለት ጊዜ፥ ሥራው የደረሰበት ሰው ከኋላችን ቆሞ እንደሚያነበው እናስብ። በፊቱ ልንናገረው የምናፍርበትን ቃል በጀርባችን አንሸከም።